በሰው አገር ዋና ከተማ የመጀመሪያው ቀን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ፣ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ናይሮቢ ተጉዘው በነበሩ አራት አባላት በጋራ ተዘጋጅቶ በንባብ የቀረበ ንግግር)



ለልምድ ልውውጥ ወደ ኬንያ ተልከን የነበርን አራት አባላት ስለ ቁጠባና ስለ ብድር ያየነውን በሪፖርት አቅርበናል፤ ሪፖርቱም በየቡድኑ ተነቧል። ዛሬ የቆምነው ስለ ሌላ ነገር ለመናገር ነው። ከተመለስን ጀምሮ በየቡናው፣ በየለቅሶ ቤቱ፣ በገበያ መንገድ ላይ የተጠየቅነው ስለ ወለድ ወይም ስለ መዝገብ አያያዝ አይደለም። "የመጀመሪያ ቀን እንዴት ሆናችሁ? በምን ቋንቋ ተግባባችሁ? ምን በላችሁ? አልጠፋችሁም?" ነው የተባልነው። ይህን የጠየቁን እናቶች እነማን እንደሆኑ ስናስተውል፣ አብዛኞቹ ሴት ልጃቸውን ወደ ዓረብ አገር የላኩ ወይም ለመላክ የሚያስቡ ናቸው። ስለ እኛ ሲጠይቁ ስለ ልጃቸውም እየጠየቁ ነበር። ስለዚህ ኮሚቴው ያንን አንድ ቀን ብቻ እንድንናገር ፈቅዶልናል።

ማን ማን እንደሆንን ታውቃላችሁ። አንዳችን በሶዶ ገበያ ቅቤ እንነግዳለን፤ አንዳችን በቦዲቲ ዶሮ እናረባለን፤ አንዳችን በአረካ አካባቢ ጎደሬና ዝንጅብል እናመርታለን። አራተኛዋ እኅታችን ቤሩት ሁለት ዓመት ተኩል ሠርታ የተመለሰች ናት፤ ዛሬ በልብስ ስፌት ትተዳደራለች። ስሟን እንዳንጠራ ጠይቃናለች፤ ታሪኳን እንድንናገር ግን ፈቅዳልናለች። ሦስታችን ከዚያ በፊት ከአገር ወጥተን አናውቅም።

ከሶዶ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአውቶቡስ ቀኑን ይፈጃል። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፌስታል መያዝን በሕግ ስለከለከለች፣ የሚያውቁ ወዳጆች አስቀድመው በነገሩን መሠረት ቆሏችንንና በሷችንን በጨርቅ ከረጢት ቋጠርን። ማታ ደርሰን አደርን። የጋበዙን የቁጠባ ቡድን ሴቶች ሥራ የምንጀምረው በማግሥቱ ነው ስላሉን፣ አንድ ሙሉ ቀን የራሳችን ሆነ።

ጠዋት መጀመሪያ ያስደነቀን ሰዓቱ ነው። የእንግዳ ማረፊያው ሴትዮ ቁርስ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ በስዋሂሊ ነገሩን፤ ከእኛ ጋር የነበረው አስተርጓሚ "አንድ ሰዓት ነው ያሉት" አለን። እውነትም አንድ ሰዓት ነበር! ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ቀኑን የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ነው። እኛ ጠዋት አንድ ሰዓት የምንለውን እነሱም "ሳ ሞጃ"፣ አንድ ሰዓት፣ ይሉታል። በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ሰባት ይሆናል። ሰባት ቁጥርን ራሱን በስዋሂሊ "ሳባ" ነው የሚሉት። የእጅ ሰዓታችንንም ማስተካከል አላስፈለገንም፤ አዲስ አበባና ናይሮቢ አንድ ሰዓት ላይ ናቸው። የማናውቀው አገር ገብተን መጀመሪያ የሰማነው ነገር የቤታችን አቆጣጠር መሆኑ ልባችንን አረጋጋው።

ቁርሱ ከወተት ጋር አብሮ የተፈላ ሻይና የተቀቀለ ሥራ ሥር ነበር። የአረካዋ እኅታችን ሳትቀምሰው አወቀችው። ጎደሬ ነው፤ እኛ በወላይትኛ ቦይና የምንለው። እነሱ "ንዱማ" ይሉታል። ናይሮቢ ውስጥ ንዱማ ከዳቦ ይልቅ የተከበረ ቁርስ ነው፤ ዋጋውም ረከስ ያለ አይደለም። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ ቦይናውን ወደ ጓዳ ገፋ አድርገን ዳቦ እንገዛለን። እኅታችን ዝም ብላ በላችና "ይህን ለእንግዳ እናቀርባለን እንግዲህ" አለች። በሪፖርቱ ላይ ስለ ጎደሬ ገበያ የጻፍነው ሐሳብ የተነሣው ከዚያች ሳህን ነው።

ከዚያ ወጣን። ከመውጣታችን በፊት ግን ያደረግነውን ነገር ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስበታለን። የማረፊያውን ስም፣ መንገዱንና ስልኩን በወረቀት አስጽፈን አራታችንም በየጡታችን መያዣ ውስጥ አስቀመጥን። ፓስፖርታችንን እያንዳንዳችን በራሳችን ቦርሳ ያዝን። የመመለሻ ትኬታችንን ቀን በቃላችን ያዝን። የጋበዙን ሴቶች ወዴት እንደምንሄድ አወቁ።

መንገዱ ላይ መጀመሪያ የሚማሩት ነገር መኪና የሚመጣበትን አቅጣጫ ነው። በኬንያ መኪና የሚነዳው በግራ ነው። እኛ መንገድ ስንሻገር አስቀድመን ወደ ግራ እናያለን፤ እዚያ ግን መጀመሪያ የሚመጣብሽ ከቀኝ ነው። ልጆቻችንን እጅ ለእጅ ይዘን እንደምናሻግር ሁሉ እርስ በርሳችን እጅ ለእጅ ተያይዘን "ቀኝ፣ ቀኝ!" እያልን ተሻገርን። የሚያዩን ሰዎች ሳቁ፤ እኛም ሳቅን።

ታክሲያቸው "ማታቱ" ይባላል። "ታቱ" በስዋሂሊ ሦስት ማለት ነው፤ ድሮ ክፍያው ሦስት አሥር ሳንቲም ስለነበር ስሙ ከዚያ እንደመጣ ይነገራል። ሙዚቃው ከሩቅ ይሰማል፤ አካሉ ላይ የማይሳል ነገር የለም። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድበትን ሲጠራ ግን ከሶዶ መናኸሪያ የሚለየው በቋንቋው ብቻ ነው።

ናይሮቢ የሚለው ስም ከማሳይ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ቀዝቃዛ ውኃ ማለት ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1899 የባቡር ሐዲዱ እዚያ ሲደርስ ነው። የዛሬው ሕዝቧ ከ4 ሚሊዮን በላይ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከሶዶ ብዙም አይርቅም፤ ጋቢ የለበስን አልቀዘቀዘንም፣ ያልለበስንም አልሞቀንም። ወደ ባቡር ጣቢያው የሚወስደውን ሰፊ መንገድ ስም አስተርጓሚያችን ከሰሌዳው ላይ ሲያነብልን ቆመን ቀረን። የኃይለ ሥላሴ ጎዳና ይላል። የእኛ አገር ንጉሠ ነገሥት ስም በሰው አገር ከተማ መካከል ተጽፎ ማየት እንግዳ ነገር ነው።

በዚያው ጎዳና በኩል "ዋኩሊማ" የሚባለው የአትክልት ተራ አለ። ዋኩሊማ ማለት ገበሬዎች ማለት ነው። የሽንኩርቱ፣ የጎመኑ፣ የአቮካዶው ብዛት! ጎመኑን "ሱኩማ ዊኪ" ይሉታል፤ ሲተረጎም "ሳምንቱን ግፋ" እንደ ማለት ነው። ሥጋ የማይገዛበት ሳምንት በጎመን ይገፋል። ይህን ስም ማን እንዳወጣው ማንም አልነገረንም፤ እኛ ግን ሴት ናት ብለን ተማምነናል።

በየሰፈሩ ጥግ አትክልት የምትሸጥ ሴት "ማማ ምቦጋ" ትባላለች፤ የአትክልት እናት ማለት ነው። እኛ ዘንድ መሬት ላይ አንጥፋ የምትሸጥን ሴት "አንቺ" ብሎ መጥራት ቀላል ነው። እዚያ ግን ትልቁም ትንሹም "ማማ" ነው የሚላት። ከጎኗ ትንሽ ሰሌዳ ላይ የስልክ መክፈያ ቁጥሯ ተጽፏል። ኤም-ፔሳ የሚሉት የስልክ ገንዘብ ኬንያ ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ "ፔሳ" ገንዘብ ማለት ነው። እኛ ቴሌብርን ያወቅነው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ኤም-ፔሳም ወደ አገራችን የገባው በ2015 ዓ.ም. ነው። አንዲት ማማ ምቦጋ ከሁለት እስር ጎመን ያገኘችውን ብር በስልኳ ተቀብላ፣ ከዚያው ላይ ወዲያው ለቡድኗ የሳምንቱን ቁጠባ ስትልክ አየናት። ቡድናቸውን "ቻማ" ይሉታል። እቁባችንና የራስ አገዝ ቡድናችን አንድ ላይ ቢደረጉ ቻማ ይሆናሉ። ለጊፋታ ቅቤ በጋራ የምናጠራቅም ሴቶች መሆናችንን በአስተርጓሚ ስንነግራት፣ ተነሥታ አቀፈችን።

ከሰዓት በፊት ወደ መሐል ከተማ ሄደን የኬንያታን የስብሰባ ማዕከል አየን። 28 ፎቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የተመረቀ ነው። ከፍለን ጣሪያው ላይ ወጣን። ከላይ ሆነው ወደ ደቡብ ሲያዩ የከተማው ቤት አልቆ ሜዳው ይጀምራል፤ አንበሳ የሚኖርበት የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የቦዲቲዋ እኅታችን "ዶሮ እዚህ አርብቼ ቢሆን በምን እጠብቃት ነበር?" አለችና አሳቀችን።

ደክሞን ስለነበር ቀኑ ሲያጋድል ኡሁሩ ፓርክ ገብተን ሣር ላይ ተቀመጥን። "ኡሁሩ" ነጻነት ማለት ነው። ይህ መናፈሻ ዛሬ መናፈሻ ሆኖ የቆየው በአንዲት ሴት ጽናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የዚያን ጊዜው መንግሥት ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊሠራበት ተነሣ። ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ ደብዳቤ ጻፈች፤ ተሰደበች፤ ተዛተባት፤ አልተወችም። በመጨረሻ ሕንፃው ቀረ። ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን የጀመረችው ከገጠር ሴቶች ጋር ችግኝ በማፍላት ነው፤ ሴቶቹ ለጸደቀላቸው ችግኝ ጥቂት ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጣት ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ሁምቦ ላይ ተራቁቶ የነበረው ተራራ 2,728 ሄክታሩ ተከልሎ፣ ከአሮጌው ጉቶ ዛፍ መልሶ ሲያቆጠቁጥ ዓይናችን አይቷል።

በዚያው መናፈሻ ጥግ እ.ኤ.አ. በ1992 የፖለቲካ እስረኞች እናቶች ልጆቻችን ይፈቱ ብለው ምግብ ትተው ተቀምጠው ነበር። ፖሊስ በዱላ ሲመጣባቸው ከእናቶቹ አንዳንዶቹ ልብሳቸውን አውልቀው ቆሙ። እናት እንዲህ ማድረጓ በእነሱ ባህል ከባድ እርግማን ነው። ከዚያም አጠገቡ ባለ ቤተ ክርስቲያን ተጠግተው አንድ ዓመት ያህል ጠበቁ፤ አብዛኞቹ ልጆች ተፈቱ። አስተርጓሚው ይህን ሲነግረን ብዙ ጊዜ ዝም አልን። ልጅን የመጠበቅ ነገር የት አገር ነው የማይገባው?

ዝምታውን የሰበረችው ከቤሩት የተመለሰችው እኅታችን ናት። እንዲህ አለችን፤ "እኔ ከዚህ በፊት በሌላ አገር ዋና ከተማ ሁለት ዓመት ተኩል ኖሬአለሁ። በገዛ እግሬ ከተማ ውስጥ ስዞር ግን የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።"

እኅቶቻችን፣ ከዚያን ቀን ያየነው ሁሉ ቢረሳን ይህ ቃል አይረሳንም። ስለዚህ የእሷንም የመጀመሪያ ቀን ከእኛው ጎን እናስቀምጠው።

ቤሩት የደረሰችው ማታ ነው። አየር ማረፊያው ውስጥ ከሌሎች ልጆች ጋር ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ስሟ ሲጠራ አንድ ሰው መጣ፤ ፓስፖርቷ ከፖሊሱ እጅ ወደዚያ ሰው እጅ ሄደ፤ በእሷ እጅ አላለፈም። ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። መብራት አየች፤ ባሕሩንም አየች። ባሕር በሕይወቷ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። መኪናው ቆመና አምስተኛ ፎቅ ወጣች። ስልኳን "ነገ እንሰጥሻለን" ብለው ወሰዱት። በማግሥቱ ጠዋት ሥራ ጀመረች። የመንገዱን ስም አልነገሯትም፤ የሰፈሩንም ስም ያወቀችው ከወራት በኋላ ከሌላ ልጅ ነው። ያቺ ልጅ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ላይ የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። ሁለቱ ልብስ ሲያሰጡ ከበረንዳ ወደ በረንዳ ያወሩ ነበር። አንድ ቀን ጎን ለጎን ቆመው አያውቁም። እኅታችን ከቤሩት የምታውቀው ደረጃውን፣ በረንዳውንና ያቺን ልጅ ነው።

የላካት ኤጀንሲ ሲልካት የነገራት "ደርሰሽ ታዪዋለሽ" የሚል ነበር። ደረሰች፤ የምታየው ነገር ግን አልነበረም።

ሁሉም አሠሪ እንዲህ ነው አንልም። ደኅና ሰው ቤት ገብተው ወንድሞቻቸውን ያስተማሩ፣ ለእናታቸው ቆርቆሮ ቤት የሠሩ ልጆች በዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉን፤ እግዚአብሔር ይባርካቸው። ነገር ግን ከፋላ በሚባለው አሠራር የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ከቤቱ ከወጣች ሕገ ወጥ ትባላለች። ስለዚህ ዕድሏ በአሠሪዋ ጠባይ ላይ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ ኮሮናም ሲጨመርበት፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን በመኪና አምጥተው ቤሩት ባለው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ በቴሌቪዥን አይተናል። እነዚያ ልጆች ከተማዋን የማያውቁት ትናንት ስለመጡ አይደለም፤ ብዙዎቹ ለዓመታት የኖሩባት ናት።

አሁን ሁለቱን ቀናት እናወዳድር። እኛ ከእኅታችን የተሻልን ጎበዞች አይደለንም። ሦስታችን እንግሊዝኛ አንችልም፤ እሷ ግን ዓረብኛ አቀላጥፋ ትናገራለች። ናይሮቢን ያሳየን ብልሃታችን ሳይሆን በእጃችን የነበሩ ጥቂት ነገሮች ናቸው። ፓስፖርታችን በቦርሳችን ነበር። የመመለሻ ትኬት ነበረን። የምናድርበትን ቦታ ስም በጽሑፍ ይዘናል። የት እንዳለን የሚያውቅ ሰው አለ። አራት ነበርን። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ያ ሁሉ ሳቅ አይኖርም ነበር። ዋንጋሪ ማታይን፣ ንዱማውን፣ የእናቶቹን ታሪክ ልናውቅ የቻልነው ፍርሃት ስላልያዘን ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን አግዶ ነበር፤ እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ነው፤ በኋላም ማሻሻያ ተደርጎበታል። በዚህ አዋጅ መሠረት ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ አትላክም። የሚልከው ኤጀንሲ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። የመግቢያ ቪዛዋን፣ የደርሶ መልስ ትኬቷን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዷን፣ የመድን ዋስትናዋን የሚከፍለው አሠሪው ነው። የፓስፖርትና የሕክምና ምርመራ ወጪ የእሷ ነው። እስቲ ተመልከቱ፤ ስንቶቻችን ነን ለደላላ "ለትኬት" ብለን ላም የሸጥነው? የደርሶ መልስ ትኬቱ በሕግ የልጃችን ነው፤ እኛ ናይሮቢ ላይ በልባችን ይዘነው የዞርነው ያው የመመለሻ ትኬት ማለት ነው።

"ባትሄድ ይሻላል" ብለን ብቻ መቀመጥ እንችል ነበር። ይህን ለብዙ ዓመት ብለናል፤ ልጆቹ ግን ይሄዳሉ። መሬቱ ጠባብ ነው፤ አሥረኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ሥራ ፍለጋ ሶዶ መናኸሪያ ላይ ዕቃዋን ይዛ ስትቆም በየሳምንቱ እናያታለን። እዚሁ ሠርታ እንድትኖር የምንሠራው ሥራ ይቀጥላል፤ ብድራችንም ለዚያ ነው። የምትሄደዋን ግን ባዶ እጇን አንሸኛት። ስለዚህ ከአራታችን ለጉባኤው የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከአባላችን ቤት የምትሄድ ልጅ ከመሄዷ በፊት ፋይሏ በማኅበሩ ቢሮ ይከፈት። የፓስፖርቷ ቅጂ፣ የውሏ ቅጂ፣ የኤጀንሲው ስምና ስልክ፣ የአሠሪው ስም፣ የምትሄድበት ከተማና ሰፈር ይቀመጥበት። እናትየው ማንበብ ባትችል እንኳ ማኅበሩ ያነባል።

ሁለተኛ፣ ልጅቷ ሦስት ስልክ ቁጥር በቃሏ ትያዝ፤ የቤተሰቧን፣ የማኅበሩን፣ በዚያ አገር ያለውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ። ስልክ ውስጥ ያለ ቁጥር ስልኩ ሲወሰድ አብሮ ይወሰዳል። የቃል ግን የሚነጥቃት የለም። በቃል ማጥናትን ለልጆቻችን እኛ ነን የምናስተምራቸው፤ መዝሙር እናስጠናቸው የለም?

ሦስተኛ፣ ከቤተሰቧ ጋር የምሥጢር ቃል ትቁረጥ። አሠሪ አጠገቧ ቆሞ ስትደውል ችግሯን በግልጽ ልትናገር አትችልም። "የዘንድሮው ቅቤ ተበላሸ ወይ?" ብትል ቤቷ ያለው ሰው ይገባዋል። በዚያው ቀን ማኅበሩ ወደ ላካት ኤጀንሲና ወደ ዞናችን የሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ ካልሆነም አዲስ አበባ ሚኒስቴሩ ድረስ።

አራተኛ፣ የግማሽ ቀን ልምምድ ይኑረን። መንገድ ጠይቆ ማግኘትን፣ የሰፈር ስም ከሰሌዳ ማንበብን፣ የመጣችበትን መንገድ ምልክት መያዝን፣ መኪና ከየት እንደሚመጣ ማየትን፣ "ስሜ እገሌ ነው፣ ኢትዮጵያዊት ነኝ፣ ፓስፖርቴን እፈልጋለሁ" የሚለውን በዓረብኛ መናገርን እናለማምዳቸው። አስተማሪዎቹ ከዓረብ አገር የተመለሱ አባሎቻችን ናቸው። ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ እስከ ዛሬ ግን ያዩትን እንዲያስተምሩ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። የተጠየቁት ስንት ብር እንዳመጡ ብቻ ነው።

አምስተኛው የእኅታችን የራሷ ነው። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ለምትሄድ ለእያንዳንዷ የአባል ልጅ፣ ከውስጥ ልብስ ጋር የሚሰፋ የጨርቅ ኪስ በነጻ እሠራለሁ ብላለች። የፓስፖርት ቅጂ፣ የቁጥሮቹ ወረቀትና ጥቂት የውጭ ገንዘብ ታጥፎ የሚገባበት ነው፤ ላብም ሆነ ውኃ እንዳያበላሸው ከውስጥ ላስቲክ አለው። ናሙናው ይኸው፤ እየተቀባበላችሁ እዩት። ለሠላሳ ልጆች የሚሆነውን ጨርቅ የቅቤ ነጋዴዋ እኅታችን ገዝታለች።

የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ አይደለም። ቁልፍ ያለው የፋይል ሳጥን፣ የፎቶ ኮፒ ወጪ፣ ለግማሽ ቀን ልምምድ ቡናና ዳቦ ነው። ዳቦው በቦይና ቢተካም እኛ አንቃወምም። ከማኅበራዊ ፈንዳችን ትንሽ ድርሻ እንዲመደብ ጉባኤው በድምፅ እንዲወስን እንጠይቃለን። ለጋሾቻችን ደግሞ በአንድ ነገር ብታግዙን ደስ ይለናል፤ የቆንስላዎቹን ትክክለኛ አድራሻና ስልክ በየጊዜው እያጣራ የሚሰጠን ሰው ብታገናኙን ከገንዘብ ይበልጥብናል።

እናቶቻችን፣ የጠየቃችሁን ጥያቄ መልስ ይህ ነው። አልጠፋንም፤ ምክንያቱም የምንመለስበትን እናውቅ ነበር። ተግባባን፤ ምክንያቱም ጎመንና ቁጠባ ያላት ሴት በየትኛውም አገር ትግባባለች። ጠግበን በላን። ልጆቻችሁም የመጀመሪያ ቀናቸው እንዲህ ባይሆን እንኳ፣ የት እንዳሉ የሚያውቁበት፣ እኛም የት እንዳሉ የምናውቅበት ቀን እንዲሆን ማድረግ በእጃችን ነው።

ኪሱ ተቀባብሎ ሲያልቅ ወደ መድረኩ ይመለስልን፤ የመጀመሪያዋ ተጓዥ በሚቀጥለው ወር ትሄዳለች፤ እናትየው እዚሁ ከመካከላችሁ ተቀምጣለች።